ባለቤቱን ካልናቁ

«አልጋ መስኮት ስር አይደረግም። ብርድ ያስገባል» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ።

ለማንም አልነበረም ያለው። ዓይኑን ከብርጭቆው ሳያነሳ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ለጠረጴዛው ነው የተናገረው። በዚያ ቤት ውስጥ ግን መስኮት ስር ያለ አልጋ አልነበረም። የእሱና የሚስቱ አልጋ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጣብቆ ጥግ ይዟል፤ የልጁ አልጋ ከበሩ ጀርባ ነው፤ የሚስቱ ታናሽ እህት የምትተኛበት የጓሮ ክፍል ደግሞ ጭራሹን መስኮት የለውም። መጀመሪያ የተሠራው ለዕቃ ማስቀመጫ ነበርና «ዕቃ ምን አየር ያስፈልገዋል» ተብሎ ሳይወጣለት ቀርቷል። መስኮት ስር የተዘረጋ አልጋ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም ታናሽየዋ ሰሞኑን ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብላ በሳለችው፣ ለሰው ባላሳየችው ንድፍ ውስጥ።

ታናሽየዋ የማተሚያ ቤት ገጽ አቀናባሪ ናት። ጽሑፍና ሥዕልን በጠባብ ቦታ ማስማማት እንጀራዋ ስለሆነ፣ ልትከራይ ያሰበችውን ክፍልም እንደ ገጽ ነበር የለካችው። አልጋውን መስኮት ስር፣ ጠረጴዛውን ከበሩ ትይዩ፣ መብራቱን ከጠረጴዛው ግራ አድርጋ፣ ዙሪያውን እንደ መጽሐፍ ኅዳግ ነጭ ቦታ ትታለት ሳለችው። ኅዳጉ ላይ የአከራይዋን ስልክ ቁጥር አሰፈረች። ከዚያ በራሷ ስምና በራሷ የይለፍ ቃል በሚከፈተው፣ የራሷ በሆነው ፎልደር ውስጥ አስቀመጠችው። የይለፍ ቃሉን ለጥላዋ እንኳ አልነገረችም።

«የምን አልጋ ነው ጋሼ?» አለች።

«በመሠረቱ፣ በጠቅላላው ነው የተናገርኩት» አለ ኢንስፔክተሩ። «ምክር ነው። ምክር ባለቤት የለውም።»

ያናደዳት የእሱ ንግግር አልነበረም፤ እሱ ሲናገር ነው የኖረው። ያናደዳት የሌሎቹ ዝምታ ነው። ታላቅ እህቷ ዳቦዋን ማርማላታ ቀብታ ከጨረሰች በኋላ ዳር ዳሩን እንደገና መቀባት ጀመረች። የእህቷ ልጅ፣ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችው ተማሪዋ፣ ባዶ ብርጭቆ አንስታ ፊቷን እስክትሸፍን ድረስ ጠጣች። የማያውቅ ሰው «የምን አልጋ?» ብሎ ይጠይቃል። እነዚህ አልጠየቁም። ሦስቱም አልጋውን አይተውታል፤ ምናልባትም ተሰብስበው ስለ ብርዱ ተመካክረውበታል።

ኢንስፔክተሩ ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ገብቶ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና መምህሩ ሲያስተምር ዝም ብሎ ያያል፤ ሲወጣ «በመሠረቱ» ብሎ ይጀምራል። ጡረታ ሲወጣ የቀየረው ነገር ቢኖር ክፍሉን ብቻ ነው። አሁን የሚቆጣጠረው የማቀዝቀዣውን በር፣ የውሃ ቆጣሪውን፣ የሳሙናውን ውፍረትና የሚስቱን ፊት ነው። ሰው ለራስ ምታት ኪኒን ሲውጥ ካየ ማብራሪያ ወረቀቱን ከካርቶኑ አውጥቶ ጮክ ብሎ ያነብለታል። የሠፈሩ ሰው «ኢንስፔክተሩ» ሲለው እንደ ማዕረግ ይቀበለዋል፤ እሱ ሲመጣ ወሬያቸውን የሚያቋርጡት ለአክብሮት እንዳልሆነ ገብቶት አያውቅም።

ኮምፒውተሩን ያመጣውም እሱ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃዎቹን ሲሸጥ ገዝቶ፣ ሳሎኑንና ማድ ቤቱን በሚያገናኘው ኮሪደር ላይ አስቀመጠው። ለምን ኮሪደር ላይ ሲሉት «የጋራ ነው» አለ። በዚያ ቤት የጋራ የሚባል ነገር ሁሉ የሚቀመጠው እሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ነው። ነፃ ነው፣ ቫይረስም አይደፍረውም ስለተባለ አንድ ባለሙያ አምጥቶ ሊኑክስ የሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት አስጫነበት። ተጭኖ ያለቀ ዕለት ቤተሰቡን አስቁሞ ንግግር አደረገ። ለአራቱም የየራሳቸው መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ተሰጥቷል፤ እያንዳንዱም በስሙ የተሰየመ ፎልደር አለው፤ ባለሙያዎቹ ይህን ፎልደር «ቤት» ይሉታል፤ በዚህ ዘመን የሰው ግላዊነት መከበር አለበት አለ። ሚስቱ «እኔ ማብራቱንም አላውቅ» ስትል «ለእኩልነት ነው» አላት። ታናሽየዋ ያን ዕለት ከልቧ ነበር ያመሰገነችው። አሁን ትዝ ሲላት ፊቷን ትኩስ ትኩስ ይላታል።

ዛሬ ቀብዱን የምትከፍልበት ቀን ነው። ገንዘቡን ከቦርሳዋ ውስጠኛ ኪስ ከትታ፣ ደህና ዋሉ ብላ ወጣች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስታስብ የሄደችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዴት ገባ? የይለፍ ቃሏን ስትጽፍ በትከሻዋ ላይ አይቶ ይሆን? ግን ኮሪደሩ ጠባብ ነው፣ የኢንስፔክተሩ ሆድ ደግሞ ከራሱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው፤ ከኋላዋ ቢቆም ታውቅ ነበር።

ማተሚያ ቤቱ ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ወረቀትና የቀለም ሽታ አለው። ከታች መቁረጫው ማሽን ጓ ባለ ቁጥር ፎቅ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። የጂኦግራፊ መጽሐፍ ይዛ ነበር፤ አንድ ካርታ ከግማሽ ገጽ አልወርድ ብሎ አስቸግሯታል። ወንዞቹን ስታጠብ ተራራው ይጠፋል። እስከ ምሳ ሰዓት ከካርታው ጋር ስትታገል ቆየችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

አከራይዋ መጋረጃ ሰፊ ናት። ከመንገድ ዳር ባለው ክፍል ትሰፋለች፤ በጓሮ በኩል ያለውን ታከራያለች። ክፍሉ ትልቅ አይደለም፤ ኪራዩም የደሞዟን ከሲሶ በላይ ይወስዳል። ግን በር አለው፤ በሩ የራሱ ቁልፍ አለው፤ መስኮቱም አንድ ዛፍና የሰው ግድግዳ ያሳያል። ታናሽየዋ ባየችው ዕለት አከራይዋ ይቅርታ እየጠየቀች «እይታው እንኳ ምንም የለው» ስትላት፣ እሷ ግን ግድግዳውን እንደ ባሕር ነበር ቆማ ያየችው። ግድግዳ አያይም፣ አያነብም፣ በማግሥቱ ቁርስ ላይ ምክር አይሰጥም።

አከራይዋ ዛሬ ከስፌት መኪናዋ አልተነሳችም። መርፌውን አቁማ፣ ጨርቁን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አለች።

«ልጄ፣ መጣሽ እንዴ? እኔ እኮ ቀርታለች ብዬ...»

«ማን ቀረች አለ?»

«ከቤታችሁ ተደውሎልኛል። ያንቺ ነገር... ሕመም አለባት፣ አንዳንዴ ራሷን ትስታለች፣ ብቻዋን መኖር አይሆንላትም ተባልኩ።» ዓይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች። «ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ሰው ክፍሌ ውስጥ ወድቆ ቢገኝ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ለሌላ ሰው ነገ ጠዋት ና ብዬዋለሁ።»

ታናሽየዋ በዕድሜዋ አንዴም ራሷን ስታ አታውቅም። ያን ሰዓት ግን ትንሽ ቀርቷት ነበር። ጤነኛ መሆኗን ተናገረች። «ጤነኛ ነኝ» እንደሚል እንደ ማንኛውም ሰው፣ ደጋግማ በተናገረችው ቁጥር ይበልጥ የታመመች መሰለች። ማን ደወለ ብላ አልጠየቀችም። መጠየቅም አላስፈለጋትም፤ ከዚያ ቤት ለሰው ሕመም የሚያወጣ፣ ለሰው የሚያስብ፣ በሰው ጉዳይ ስልክ የሚያነሳ ማን እንደሆነ ድንጋዩም ያውቀዋል።

«እንግዲህ» አለች አከራይዋ በመጨረሻ፣ «የቤተሰብ ጠብ በሬ ላይ እንዲመጣብኝ አልፈልግም። የደወለልኝ ሰው ራሱ ደውሎ ተሳስቻለሁ ካለኝ፣ ክፍሉ ያንቺ ነው። ዛሬ ማታ ስልኬ ክፍት ነው። ከዛሬ ካለፈ ግን አትቀየሚኝ።»

ወደ ሥራ ስትመለስ ምሳ እንዳልበላች እንኳ አላስታወሰችም። ካርታውን ትታ በቀጥታ ወደ ሽቦ ሄደች። ሽቦ የማተሚያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠብቀው ቀጭን ሰው ነው፤ ማሽኖቹ በሚጮኹበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ ይውላል።

«የይለፍ ቃል እያለኝ ሌላ ሰው ፎልደሬን እንዴት ያያል?»

«ምን ላይ?»

«ቤት ያለው። ሊኑክስ ነው። ለአራት ነው የምንጠቀምበት።»

ሽቦ ልጣጩን ከጭኑ ላይ አራግፎ ፈገግ አለ። ሰው የማያውቀውን ነገር ማወቅ ፊቱን ያወፍረዋል። «የይለፍ ቃሉ ባንቺ ስም እንዳይገቡ ነው የሚከለክለው። በራሱ ስም የገባ ሰው ግን ከራሱ ፎልደር አንድ ደረጃ ወደ ላይ ቢወጣ የአራታችሁንም ስም ተሰልፎ ያገኘዋል። ያንቺን ይጫናል፤ ይከፈታል። መሰረዝ አይችልም፣ መለወጥ አይችልም። ማየትና መቅዳት ግን እንደ ልቡ። አሁን አሁን ሲጫን ተዘግቶ የሚመጣ አለ፤ የናንተ የቆየ ይሆናል። በሩ ከመጀመሪያውም ገርበብ ብሎ ነው የመጣው።»

«ማን ነው እንደዚህ አድርጎ የሠራው?»

«የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን የሚዋዋሱ፣ የሚተማመኑ ሰዎች ነበሩ። እነሱ በምን ያውቃሉ ያንቺን ዘመዶች?»

«አንተ ታዲያ እዚህ የኛን ታያለህ?» አለችው።

«ምን አላችሁና? የጫማ ፎቶና የብድር ማመልከቻ ነው ሁላችሁም ጋ ያለው። እንቅልፍ ያስመጣል።» ይህን የነገራት ሊያጽናናት ነበር። እያየ እንደሚያንቀላፋ ለሰው መንገር ነውር መሆኑ ፊቱ ላይ በፍጹም አልነበረም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ፤ ሽቦ አጥሩን የነቀነቀው ንቀት እንኳ ሳይሰማው፣ እግረ መንገዱን ነው።

ቢሆንም መዝጊያውን ነገራት። አንዲት አጭር ትእዛዝ ናት፤ መጨረሻዋ ሰባት፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ሰባቱ ለባለቤቱ ነው አላት፤ ዜሮዎቹ ለሌላው ዓለም በሙሉ። የዋና አስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው አሁንም ሊያይ ይችላል ሲላት፣ ኢንስፔክተሩ ኢሜይሉን እንኳ የምትከፍትለት ልጁ መሆኗን አስታውሳ በዕለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ከዘጋሁት ያውቁብኛል?»

«በሩን ያልገፋ ሰው መዘጋቱን በምን ያውቃል?» አለ ሽቦ፣ ወደ ኦቾሎኒው እየተመለሰ።

ቤት ስትደርስ ኢንስፔክተሩ ገና ከሠፈር ዙሩ አልተመለሰም። እህቷ ማድ ቤት የምስር ሾርባ ታማስላለች፤ ተማሪዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ስልኳን ታያለች። ታናሽየዋ ቦርሳዋን ሳታወርድ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠች። ከመዝጋቷ በፊት፣ ሽቦ የነገራት እውነት እንደሆነ ለማየት፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ወጣች። እውነት ነው፤ አራት ስሞች እንደ ጎረቤታሞች ተሰልፈዋል። እጇ ፈቃድ ሳይጠይቃት የኢንስፔክተሩን ስም ተጫነ፤ ተከፈተ።

አንድ ቀን ያያትን ያህል ብታየው አይፈረድባትም ብላ ነበር። ግን የሚታይ ነገር አልነበረውም። «ክትትል» የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ የእሷ ንድፍ ተቀድቶ ተቀምጧል፣ የክፍሉ ፎቶዎችም፣ ልጁ ከጓደኞቿ ጋር የተነሳቻቸው ፎቶዎችም። የራሱ የሆነ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ «የሕይወት ታሪኬ» የሚል ጽሑፍ። ስትከፍተው ከርእሱ ሥር «በመሠረቱ» የሚል ቃል አገኘች። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። ይህ ሁሉ ዘመን፣ ይህ ሁሉ የኋላ ወንበር፣ ይህ ሁሉ የሰው ፊት ሲያይ መዋል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልወለደም። የተናደደችበት ሰው ይህን ያህል ባዶ መሆኑ ንዴቷን እንደ ማቃለል ነበር፤ በክፉ ሰው መጠቃት ሌላ፣ በባዶ ጆንያ መመታት ሌላ። የተማሪዋን አለፈችው፤ ልጅ ናት ብላ። የእህቷንም አለፈችው፤ ምን ይኖረዋል ብላ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት ከፍታ ትእዛዟን ጻፈች። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም። ቁልፍ ሲዞር የሚሰማው ቀጭ የሚል ድምፅ እንኳ የለውም።

እራት ላይ ስለ ዳቦ ዋጋ ተወራ። ዳቦ ጨምሯል፤ ዋጋው ያልጨመረው ደግሞ ክብደቱ ቀንሷል። ኢንስፔክተሩ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሚዛን እንዲያሳዩት ጠይቆ እንደነበር፣ እነሱም እንዳላከበሩት ተረከ። ታናሽየዋ ሾርባዋን ጠጣች። ስልኳን ከሳህኑ አጠገብ አድርጋ፣ የሰዎቹን እጅ እያየች ጠበቀች። ኢንስፔክተሩ አፉን ጠርጎ «ዜና ልይ» ብሎ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እህቷ ድስቱን ልታጥብ ማድ ቤት ገባች። ከኮሪደሩ ወንበሩ ሲያቃስት ተሰማ። የኮምፒውተሩ መዳፊት ሁለቴ ቀጭ ቀጭ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለቴ፤ ከዚያ በቁጣ ብዙ ጊዜ።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» አለ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ።

«ምን ሆነ?» አለች ታናሽየዋ።

«አልከፍትም ይላል።»

«ምኑን?»

ኢንስፔክተሩ ዞሮ ኮሪደሩን አየ። ያን ጊዜ ተማሪዋ፣ ቀልቧ ስልኳ ላይ ስለነበር፣ «እኔንም ቅድም ከለከለኝ፣ ፈቃድ የለሽም አለኝ እኮ» አለች። ተናግራ ስትጨርስ ነው ቀና ያለችው። አባቷን አየች፤ አክስቷን አየች፤ ከዚያ እንደ ኤሊ አንገቷን ወደ ሹራቧ ሰበሰበች።

«ዜናው ነው ወይስ የኔ ፎልደር ጋሼ፣ አልከፈት ያለዎት?»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። ኢንስፔክተሩ ግን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው ጣቶቹን አቆላለፈ። «በመሠረቱ፣ ይህ ነገር የተከለከለ ቢሆን ኖሮ ማሽኑ ራሱ ይከለክለኝ ነበር። ኮምፒውተር ሰው አይደለም፣ ይሉኝታ የለውም። አይሆንም ማለት ሲኖርበት አይሆንም ይላል። እኔን ግን እሺ ሲለኝ ነው የኖረው። ስለዚህ የገባሁት ተፈቅዶልኝ ነው። ይልቅ በጋራ ዕቃ ላይ ቁልፍ ማድረግ፣ እሱ ነው ጥያቄ የሚያስነሳው።»

«የጓሮ ክፍሌ በርም አይዘጋም። እዚያም ይገባሉ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። ሰውነትሽ ያለበት ነው።»

እንዲህ ላለው ሰው መልስ መስጠት ማክበር ነው። ታናሽየዋ ስልኳን አንስታ ዘረጋችለት። «ለሴትዮዋ ይደውሉላት። ሕመምተኛ ያደረጓት ልጅ ጤነኛ ናት፣ ተሳስቻለሁ ይበሉ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም። ከዛሬ ካለፈ ክፍሉ የሌላ ሰው ነው።»

«የትኛዋ ሴትዮ? የምን ሕመም?» ኢንስፔክተሩ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች አየው። «እኔ ለማንም አልደወልኩም።»

«ጋሼ፣ እባክዎ።»

«አልደወልኩም አልኩሽ። ማንበብ ሌላ፣ መደወል ሌላ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስሠራ አየሁ፣ መዘገብኩ፣ አስተያየት ሰጠሁ፤ እጄን አስገብቼ አላውቅም። ጣልቃ መግባት ከሥነ ምግባሬ ውጪ ነው።» ከልቡ ነበር የተቀየመው። በአደባባይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባላደረገው ነገር እንደተከሰሰ ሰው ዓይኑ ውሃ አዘለ። ታናሽየዋ ግን ትወናው ነው ብላ ስልኩን ወደ ደረቱ አስጠጋችው። ይህን ሰው መናቅ ለብዙ ጊዜ የተደላደለችበት ወንበር ነበርና፣ የደረሰባትን ነገር ሁሉ እሱ ላይ ማላከክ ለምዶባታል።

ታላቅ እህቷ ከማድ ቤት ወጣች። እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ስልኩን ከእህቷ መዳፍ ወሰደችና ቁጥር መታች። ቁጥሩን ማንም አልነገራትም። ወረቀትም አላየችም። እንደ ልጅነት መዝሙር በቃሏ ነው የመታችው።

«ጤና ይስጥልኝ። እኔ ነኝ፣ ትናንት የደወልኩት... አዎ። ስለ ልጅቷ። ምንም የለባትም፣ ጤነኛ ናት። ዋሽቼ ነው። ታላቋ ነኝ... አይ፣ ጠብ የለም። እኔው ነኝ የፈራሁት። ቀብዱን ነገ ጠዋት ከሥራ በፊት ታመጣልዎታለች። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ተማሪዋ ተነስታ ክፍሏ ገባች። ኢንስፔክተሩ ሚስቱን አየ፤ እንደ ሰው ሳይሆን፣ ባልፈተሸው ክፍል ውስጥ ድንገት እንደተገኘ መምህር ነው ያያት። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ኮምፒውተር የተማርሽው?» አለ። ከተሰማው ሁሉ እሱን የገረመው ይሄ ነው። ከክሱ ነፃ በመውጣቱ ደስ መሰኘት እንዳለበት ትዝ አለውና «ይኸው፣ እኔ ምን አልኩ?» ብሎ፣ ክብሩን ሰብስቦ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ።

«እትዬ፣ ለምን?» አለች ታናሽየዋ።

«አንቺ ስትሄጂ» አለች እህቷ በሩን በአገጯ እያሳየች፣ «ቀኑን ሙሉ እኔን ብቻ ነው የሚያየው።»

ይህን ያለችው እንደ ሰበብ አልነበረም፤ ይቅርታም አልጠየቀችበትም። ታናሽየዋ ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደች። የሷን ክፍል በሕመም ስም የሸጠችባት እህቷ ላይ ለመጮህ አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር፤ ግን እህቷ ፊት ላይ፣ ማልቀስ የረሳ ሰው ፊት ላይ፣ የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ሳህኖቹን ሰበሰበች። እህቷ ግን ወደ ማድ ቤት አልተመለሰችም፤ ኮሪደሩ ላይ ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። ስሟን ከዝርዝሩ ራሷ መረጠች። የይለፍ ቃሏን በአንድ ጣቷ ሳይሆን በአሥሩም ጣቶቿ፣ ሳታይ ጻፈች።

«የኔንም ዝጊልኝ» አለች።

ታናሽየዋ ሳህኖቹን አስቀምጣ መጣች። ጥቁሩን መስኮት ከፈተችላት፤ ትእዛዟን ፊደል በፊደል ነገረቻትና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህቷ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ከእንግዲህ እሱ አያይም?»

«አያይም።»

«ልጅቱም?»

«እሷም።»

እህቷ እጇን ከመጻፊያው ላይ አላነሳችም። «አንቺስ?»

«እኔም አላይም እትዬ።»

«ጥሩ ነው» አለች እህቷ። «አንቺም ባታዪ ይሻላል።»